ከላፍቶ እስከ አቢጃታ፤ በሐይቆች ዳር የተደረገ የቤተ ሰብ ጉዞ



በቃና ዘገሊላ ዕለት ማታ፥ የቅዱስ ሚካኤልን ታቦት ሸኝተን ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላ፥ ቤተ ሰቡ ሁሉ በቡናው ዙሪያ ተሰብስቦ ሳለ፥ የዘጠኝ ዓመት ልጃችን አንድ ጥያቄ አቀረበልን። በሰንበት ትምህርት ቤት የዓሣ አጥማጆቹን የነጴጥሮስን ታሪክ ተምሮ ኖሮ፥ «አባባ፥ እነሱ የገሊላ ባሕር ነበራቸው፤ የኛ ባሕር የት ነው?» አለን። እኛም አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የሌላት መሆኗን ነገርነው። ልጁም አንገቱን ደፋ።

በዚህ ጊዜ በጥግ ተቀምጠው መቍጠሪያቸውን ይዘው የነበሩት እናታችን ቀና ብለው፥ «ምነው ልጁን ታሳዝኑታላችሁ? ዝዋይ ባሕር አይደለምን? አቢጃታስ? እኔና አባታችሁ፥ ነፍሱን ይማረውና፥ በወጣትነታችን ወደ ይርጋለም ስንሄድ አቢጃታ ዳር ወርደን፥ ውኃው ከግራሩ አጠገብ ደርሶ፥ ወፎቹም እንደ ጽጌረዳ ተነጥፈው አይተናል። ከመሞቴ በፊት አንድ ጊዜ ባየው እወዳለሁ» አሉ።

ነገሩን ባሰብነው ጊዜ የእናታችን አነጋገር እውነት ሆኖ አገኘነው። ቀደምት አባቶቻችን ታላቅ ውኃን ሁሉ ባሕር ብለው ይጠሩት ነበር፤ በጣና ዳር ያለችው ከተማ ባሕር ዳር መባሏም ለዚህ ምስክር ነው። ጌታችን በታንኳ ተቀምጦ ሕዝቡን ያስተማረበት፥ ማዕበሉንም የገሠጸበት የገሊላ ባሕር ራሱ ጨው የሌለበት ሐይቅ ነው፤ ስፋቱም 166 ካሬ ኪሎሜትር ያህል ብቻ ነው። ደንበል ተብሎም የሚጠራው የዝዋይ ሐይቅ ግን 434 ካሬ ኪሎሜትር ያህል ስለሚሰፋ የገሊላን ባሕር ከሁለት እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። እንግዲህ ልጁን «ባሕር የለንም» ብለን ማሳዘናችን ያለ በቂ ምክንያት ነበር። ስለዚህም የልጁን ጥያቄና የእናታችንን ምኞት በአንድ ጉዞ ለመፈጸም ቈረጥን።

በአውሮፓና በአሜሪካ መኝታና ማብሰያ ያለበትን መኪና ይዞ በባሕር ዳር መንከራተት የተለመደ የዕረፍት ጊዜ አሳላፊነት ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያለውን መኪና እንደ ልብ ማግኘት አይቻልም፤ ነገር ግን ማኅበር ያለው ሰው ብልሃት አያጣም። በአንድ የጽዋ ማኅበር የምንገናኝ ሦስት የላፍቶ ቤተ ሰቦች፥ ሕፃናት ሳይቀሩ 14 ነፍስ ሆነን፥ በተለምዶ ቅጥቅጥ የሚባለውን መካከለኛ አውቶቡስ ከነሾፌሩ ተከራየን። ከኋላ ያሉትን ወንበሮች አስነሥተን ፍራሽ ዘረጋን፤ ቡታጋዙን ከድስቱና ከጀበናው ጋራ በሣጥን አኖርን፤ ውኃ በጀሪካን፥ በሶና ዳቦ ቆሎ በአገልግል፥ ለዓርብ የሚሆን ሽሮና ምስር፥ ለሌሊት ደግሞ ሸራና ብርድ ልብስ ጫንን። ልጆቹ «ባለ ጎማዋ ቤት» ብለው ሰየሟት። እናታችን ግን የተጫነውን ሁሉ አይተው፥ «የኖኅ መርከብ ናት እንጂ» ብለው ሳቁ።

ወራቱ ከጥምቀት በኋላ፥ ጾመ ነነዌ ሳይገባ፥ ትምህርት ቤቶች ለግማሽ ዓመት ዕረፍት የሚዘጉበት ጊዜ ስለ ነበረ ለጉዞው የተመቸ ሆነ። መንገዱ ደረቅ ነው፤ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡት አእዋፍም በሐይቆቹ ላይ የሚገኙት በዚሁ ወቅት ነው። ለመነሻም ሐሙስን መረጥን፤ በውኃ የሚኖሩና በክንፍ የሚበሩ ፍጥረታት ከባሕር የተፈጠሩበት ዕለት ሐሙስ መሆኑን ልጆቹ ከመምህራቸው ተምረውት ነበርና።

የሰፈራችን ውኃ በቆቃ

በማለዳ ጸሎት አድርሰን፥ ከላፍቶ ተነሥተን፥ በሳሪስና በቃሊቲ በኩል ወጥተን፥ ዱከምንና ቢሾፍቱን አልፈን ሞጆ ደረስን። ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወስድ ፈጣን የክፍያ መንገድ አለ፤ እኛ ግን ልጆቹ አገሩን እንዲያዩ ብለን በአሮጌው መንገድ ታጠፍን። ከጥቂት ጊዜ በኋላም በግራችን በኩል የቆቃ ሐይቅ ብልጭ አለ። ሾፌሩ ከመንገዱ ዳር አቆመልንና ወረድን። ነጫጭ ሳቢሳዎች በጭቃው ላይ ይመላለሳሉ፤ እረኞች ከብት ያጠጣሉ፤ ገበሬዎችም በሞተር ውኃ እየሳቡ ሽንኵርትና ቲማቲም ያለማሉ። በአንዳንድ ስፍራ እምቦጭ የሚባለው አረም ውኃውን እንደ ምንጣፍ ሸፍኖታል።

ከመካከላችን ጂኦግራፊ የሚያስተምረው ጎረቤታችን ልጆቹን ሰብስቦ፥ «ይህን ውኃ ታውቁታላችሁ?» አላቸው። አናውቀውም አሉ። እሱም፥ «ታውቁታላችሁ እንጂ! ከቤታችሁ በታች የሚያልፈው ነው» ብሎ ነገሩን በትር ይዞ በአሸዋው ላይ ሣለላቸው። ትንሹ አቃቂ ከአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ ተነሥቶ በመካኒሳና በላፍቶ በኩል ይወርዳል፤ ከትልቁ አቃቂ ጋራ በአባ ሳሙኤል ግድብ ይገናኛል፤ ከዚያ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም በ1952 ዓ.ም. በተመረቀው የቆቃ ግድብ ይጠራቀማል። ከቆቃ ሲለቀቅም በረሓውን አቋርጦ፥ በመንገዱ ብዙ ሕዝብና ከብት አጠጥቶ፥ በአፋር ምድር ከአቤ ሐይቅ ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም።

ልጆቹ በመገረም ሳቁ፤ ታላላቆቹ ግን ዝም አልን። የትንሹ አቃቂ ወንዝ በምን ዓይነት ቀለምና ሽታ እንደሚያልፍ የላፍቶ ሰው ሁሉ ያውቃልና። በመጨረሻ ከእናቶች አንዲቱ፥ «የልብስ እጣቢውን፥ የተቃጠለውን ዘይት፥ የፌስታሉን ጥራጊ በቦዩ ስንደፋ ጠፋ እንላለን። ለካ ለእነዚህ ሰዎች ነው የምንልከው!» ስትል የሁላችንንም ልብ ነካች። ይህ ነገር በጉዞው ሁሉ አብሮን ዋለ።

ደንበልና ደብረ ጽዮን

ከአዲስ አበባ 160 ኪሎሜትር ያህል ተጉዘን፥ ዝዋይ ተብላ ትጠራ ከነበረችው ከባቱ ከተማ ገባን፤ አውቶቡሳችንንም በአጥር በተከለለ ግቢ አቁመን አደርን። በማግሥቱ ዓርብ፥ ጀልባ ነጂው «ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሣል» ስላለን ገና በጥዋቱ ወደ ወደቡ ወረድን። ዓሣ አስጋሪዎች ሌሊት የያዙትን ያወርዳሉ፤ በዙሪያቸው አባ ኮዳዎች እንደ ሽማግሌ ዳኞች ትከሻቸውን ሰብቀው ቆመዋል፤ ከረጢት የመሰለ ምንቃር ያላቸው ነጫጭ ፔሊካኖችም የዓሣውን ትራፊ ይሻማሉ። ከጀልባው ላይ ሆነን ደግሞ ጉማሬ ራሱን ብቅ ሲያደርግ፥ ነጭ ራስ ያለው ዓሣ በል ንስርም ከውኃው ላይ ዓሣ ነጥቆ ሲነሣ አየን። ሐይቁ ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ከሁሉ የሚጠልቀው ስፍራ እንኳ ከ9 ሜትር ያህል አያልፍም።

በሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ። ከሁሉ የምትበልጠው ቱሉ ጉዶ ስትሆን የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም በርሷ ላይ ይገኛል። በዮዲት ጉዲት ዘመን የአክሱም ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚች ደሴት እንደ ተሰደዱ፥ ሰላም እስኪወርድም ድረስ በዚያ እንደ ጠበቋት አባቶች ይናገራሉ። በደሴቲቱ የሚኖረው የዛይ ሕዝብ በእርከን ያረሰውን መሬት እያለማ፥ ዓሣም እያሰገረ፥ የራሱን ቋንቋና ክርስትናውን ጠብቆ ኖሯል። ቋንቋው ከሐረሪና ከስልጤ ቋንቋዎች ጋራ የሚዛመድ ነው። ውኃው ለነዚህ ሰዎች ቅጥራቸውም፥ መንገዳቸውም፥ ጎተራቸውም ሆኖ ኖረ ማለት ነው።

እናታችን በምርኵዛቸው እየተደገፉ፥ ከልጆቹ ኋላ ቀርተው፥ በቀስታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጡ። ተሳልመን በጥላ ሥር ካረፍን በኋላ፥ አንድ አረጋዊ አባት ሐይቁን እያመለከቱ፥ ውኃው እንደ ዱሮው አለመሆኑን፥ ከዳር ዳር በሞተር የሚስበው ሰው መብዛቱን አጫወቱን። ልጃችንም፥ «አባቴ፥ ውኃው ቢያልቅ ደሴቱ ምን ይሆናል?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ፈገግ ብለው፥ «ደሴት መሆኑ ይቀራላ፥ ልጄ» አሉት።

አቢጃታ

ቅዳሜ ከባቱ ወደ ደቡብ ስንወጣ የቡልቡላን ወንዝ ድልድይ ተሻገርን። በዚህ ስፍራ የሐይቆቹን አፈጣጠር መረዳት ያስፈልጋል። ከጉራጌ ተራሮች የሚወርደው የመቂ ወንዝና ከአርሲ ተራሮች የሚወርደው የቀታር ወንዝ ደንበልን ይሞላሉ። ደንበል የተረፈውን በቡልቡላ ወንዝ 30 ኪሎሜትር ያህል ርቆ ለሚገኘው ለአቢጃታ ያፈስሳል፤ የላንጋኖም ሐይቅ በሆራ ቀሎ ወንዝ ድርሻውን ይልካል። አቢጃታ ግን ከሁለቱም ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ስለ ሆነ የሚያፈስስበት የለውም፤ ውኃው በፀሐይ ይተንናል፥ ጨውና ሶዳው ይቀራል። ስለዚህ ደንበል ጣፋጭ፥ አቢጃታ መራራ ሆኑ።

ይህ ሁሉ ከገሊላ ምድር ጋራ እጅግ ይመሳሰላል። የዮርዳኖስ ወንዝ ከገሊላ ባሕር ወጥቶ ወደ ሙት ባሕር ይወርዳል፤ የላይኛው ዓሣ የሞላበት ጣፋጭ ውኃ ነው፤ የታችኛው ጨው ብቻ ነው። ደንበል የኛ ገሊላ፥ ቡልቡላ የኛ ዮርዳኖስ፥ አቢጃታም የኛ የጨው ባሕር ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ወደ አቢጃታና ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ስንገባ በመንገዱ ዳር ሰጎንና የሜዳ ፍየል አየን፤ ከርከሮም ከነግልገሎቹ ጅራቱን አቁሞ ከፊታችን ሮጠ። ከፓርኩ ውጭ ግን ግራሩ ተመንጥሮ፥ የከሰል ማዳበሪያ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድሮ ለአላፊ አግዳሚ ይሸጣል። ከእኛም መካከል ለቤት አንድ ሁለት ማዳበሪያ ለመግዛት ያሰበ ነበረ፤ ግራሩን ካየ በኋላ ግን ሐሳቡን ተወ።

በመጨረሻ የአቢጃታ ሜዳ ተገለጠ። እናታችን በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመልክተው፥ «የት አለ?» አሉ። ከፊታችን የሚታየው ነጭ ሜዳ ነበር፤ ውኃው እጅግ ርቆ፥ በአድማሱ ሥር እንደ ቀጭን ክር ያብረቀርቃል። ሾፌሩ ስለ እሳቸው ብሎ ወደ ውኃው ሊነዳ ሲጀምር፥ የፓርኩ ጠባቂ እየሮጠ ደርሶ አስቆመው። ሜዳው ከላይ የደረቀ ቢመስልም ከሥሩ ጭቃ ስለ ሆነ ብዙ መኪና መዋጡን ነገረን። ከዚያም ወደ እናታችን ጠጋ ብሎ፥ «እናቴ፥ አይድከሙ፤ መንገዱ ለእርስዎ ሩቅ ነው። በልጅነቴ ውኃው እዚህ፥ ከቆምንበት ነበር» አላቸው። እናታችንም መሬቱን በምርኵዛቸው ነካ አድርገው፥ «እኔም የማውቀው እዚሁ ነው» አሉ። ከአንድ አሮጌ ግራር ሥር ብርድ ልብስ አንጥፈንላቸው ተቀመጡ።

እኛ ልጆቹን ይዘን በእግራችን ሄድን። ከሃምሳ ዓመት በፊት ይህ ሐይቅ 200 ካሬ ኪሎሜትር ያህል ይሸፍን ነበር፤ ዛሬ ከዚያ ግማሹ እንኳ አልቀረም። ዝናም ባነሰበት ዓመት መጕደሉ የነበረ ነገር ነው፤ ነገር ግን በደንበል ዙሪያና በቡልቡላ ዳር ለአበባና ለአትክልት እርሻ የሚሳበው ውኃ፥ ለሶዳ አሽ ማምረቻም ከራሱ ከሐይቁ የተወሰደው፥ የጐደለው እንዳይመለስ አደረገው። ውኃው ሲያንስ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣውም አለቀ። ጠባቂው በመንገድ ላይ ሳለን የነገረን ነገር ከሁሉ ይልቅ ልባችንን ነካው። ፔሊካኖች እንቍላላቸውን የሚጥሉት ከአቢጃታ ቀጥሎ ባለው በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ነው። ሻላ 266 ሜትር የሚጠልቅ፥ ለጫጩት የሚበቃ ዓሣ ግን የሌለበት ሐይቅ ነው። ስለዚህ ወላጆቹ ዱሮ በመካከል ያለችውን ከፍታ ብቻ ተሻግረው ከአቢጃታ ዓሣ ለልጆቻቸው ያመጡ ነበር፤ ዛሬ ግን ለዚያው ምግብ እስከ ደንበልና ከዚያም ወዲያ መብረር ግድ ሆነባቸው። በባቱ ወደብ የዓሣ ትራፊ ሲሻሙ አይተን የሳቅንባቸው ወፎች ምናልባት ልጆቻቸው የሚጠብቋቸው ወላጆች ኖረዋል።

ወደ ውኃው ስንቀርብ ግን አንድ ድምፅ ሰማን፤ እንደ ገበያ ሁካታ ያለ ነበር። ፍላሚንጎዎች ናቸው! ነጩና ሮዙ ቀለም ተቀላቅሎ፥ በሺህ የሚቈጠሩ ረጃጅም እግሮች በቀጭኑ ውኃ ውስጥ ቆመው፥ ራሳቸውን ቍልቍል ዘቅዝቀው ይመገባሉ። ትንሹ ዓይነት ፍላሚንጎ ዓሣ አይሻም፤ በሶዳው ውኃ ውስጥ የሚበቅለውን፥ በዓይን የማይለየውን አረንጓዴ ነገር በምንቃሩ አጥልሎ ይመገባል፤ ቀለሙንም የሚያገኘው ከዚሁ ምግቡ ነው። ከልጆቹ አንዱ ሲበሩ ለማየት ድንጋይ ሊያነሣ ሲል ጠባቂው እጁን ያዘና፥ «ተዋቸው፤ ለመብረር የሚያወጡት ጕልበት ከምሳቸው ነው» አለው።

ልጃችን እስከ ጕልበቱ ነጭ ሶዳ ለብሶ ወደ አያቱ እየሮጠ ተመለሰ። በአጠገባቸውም ተንበርክኮ፥ «እማማ፥ አሉ! እንዳሉን እንደ ጽጌረዳ ናቸው። አሁን እኔ ልንገርዎ» ብሎ ያየውን ሁሉ፥ ድምፁን፥ ቀለሙን፥ አቋቋማቸውን እያስመሰለ ነገራቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። ሲጨርስም፥ «እግዚአብሔር ይስጥህ፤ አየሁት። አንተ ደግሞ ለልጅ ልጅህ የምታሳየው ይትረፍልህ» ብለው መረቁት።

በላንጋኖ ዳር

ያን ሌሊት በላንጋኖ ሐይቅ ዳር አደርን። ውኃው በውስጡ በሚንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ምክንያት ቡናማ ነው። ሴቶቹና ሕፃናቱ በባለ ጎማዋ ቤት፥ ወንዶቹ በሸራ ሥር ሆነን፥ ጸሎት አድርሰን፥ በእሳት ዙሪያ ስናወጋ ሰባክያን አንዳንድ ጊዜ የሚያመጡት ምሳሌ ተነሣ። ምሳሌው፥ «የገሊላ ባሕር ተቀብሎ ስለሚሰጥ ሕያው ሆነ፤ የታችኛው ተቀብሎ ስለማይሰጥ ሙት ሆነ» የሚል ነው። ለቸርነት ትምህርት መልካም ምሳሌ ነው፤ እኛም ብዙ ጊዜ ተናግረነዋል።

ነገር ግን አቢጃታን ካየን በኋላ የምሳሌውን ሌላ ገጽ ማየት ግድ ሆነብን። አቢጃታ ያነሰው ስስታም ስለ ሆነ አይደለም፤ እንዲያውም በመራራ ውኃው እልፍ ወፍ ይመግባል። ያነሰው ከላይ ያለነው የድርሻውን ስላስቀረንበት ነው። ሙት ባሕርም እንዲሁ ነው፤ የዮርዳኖስ ውኃ ከላይ ለእርሻና ለከተማ ስለሚጠለፍ ከፍታው በየዓመቱ አንድ ሜትር ያህል ይወርዳል። እንግዲህ ከታች ያለውን «ስስታም» ብሎ ከመፍረድ በፊት፥ ከላይ ያለው ምን እንዳስቀረበትና ምን እንደ ላከለት መጠየቅ ይገባል። በቤትም፥ በጉርብትናም፥ በአገርም ቢሆን ነገሩ ያው ነው።

ጂኦግራፊ አስተማሪው ጎረቤታችንም ቀጥሎ፥ «እኛ የላፍቶ ሰዎች ከማን በላይ ነን?» ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰም፤ ሁላችንም ቆቃን እናስብ ነበር።

ወደ ቤት

እሑድ በአርሲ ነገሌ ቅዳሴ አስቀድሰን ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። የአራት ቀኑን ጥራጊ ሁሉ በሁለት ማዳበሪያ ሰብስበን፥ አንዲት ፌስታል ሳናስቀር ወደ ቤታችን ይዘን መጣን። በሚቀጥለው የማኅበራችን ዕለት፥ ጠበሉና ዳቦው ከቀረበ በኋላ፥ ሦስቱ ቤተ ሰቦች አንድ ነገር ተስማማን፤ የተቃጠለ ዘይትና ጥራጊ በቦዩ ላለመድፋት፥ ከግቢያችን ወደ ወንዙ የሚወርደውን ቱቦ ለማስተካከል፥ ወንዙ ዳር ያለውን ስፍራም በየወሩ ለማጽዳት። ሥራው ጥቂት ነው፤ ወንዙም በሦስት ቤት አይጠራም። ቢሆንም ከአንድ ቤት ሳይጀምር ከሺህ ቤት የደረሰ ነገር አላየንም።

አንባብያን ሆይ፥ እናንተም እንደኛ ለመጓዝ ብታስቡ፥ አስቀድማችሁ የመንገዱን ሰላምና ሁኔታ ጠይቁ፤ በጀልባ የምትሄዱ እንደ ሆነ በጥዋት ውጡ፤ በአቢጃታ ሜዳ ላይ መኪና አትንዱ፤ አእዋፉን አታስበርግጉ፤ የያዛችሁትን ጥራጊ ይዛችሁ ተመለሱ። ከሁሉ በላይ ግን አረጋውያንን ይዛችሁ ሂዱ፤ ውኃው ቀድሞ እስከ የት እንደ ነበር የሚያሳዩን እነሱ ናቸውና።

ልጃችን አሁን «ባሕር የለንም» አይልም። በደብተሩ ላይ ሦስት ሐይቆችና አንድ ወንዝ ሥሎ፥ ከላይ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ቤት አድርጎባታል። ምንድን ናት ብለን ብንጠይቀው፥ «የኛ ቤት ናት፤ ውኃው የሚጀምረው ከዚህ ነው» አለን።